ኮፈን በተዘጋ ቁጥር የሚጫረው ገንዘብ

የአሮጌ መኪና ሻጭ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ሲያሰማ፣ ጎማውን ሲያሳይና ሊብሬውን ሲዘረጋ፣ ሥራውን የሚያውቅ ደላላ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ወደ መኪናው አፍንጫ ይጠጋል፤ ኮፈኑን ያስከፍታል፤ መቆለፊያው በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አውራ ጣቱን ይሰዳል። እዚያ ላይ ቀለሙ ተጭሮ ብረቱ ከታየ፣ የጭረቱም ዳር ዳሩ ቡናማ መልክ ከያዘ፣ ደላላው አፉን ሳይከፍት ዋጋውን በልቡ ዝቅ አድርጎታል። ሻጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው በምን ምክንያት እንደወረደበት እንኳ ሳይገባው ይሸጣል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጭረት ነው። ነገሩ ለገበያ ገጽ የማይመጥን ጥቃቅን ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ሆኖም አሮጌ መኪና ገዝቶ በሚያቆይ፣ ለሰርግ በሚያከራይ ወይም አትርፎ ለመሸጥ በሚያስብ ሰው ኪስ ላይ ከሚገኙት ቀዳዳዎች ይህን ያህል በትንሽ ወጪ የሚደፈን ሌላ የለም። ሳይደፈን ሲቀር ግን መጨረሻው ሙሉ ቀለም ማስቀባት ይሆናል። ሙሉ ቀለም ማስቀባት ደግሞ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ለብርቅ አሮጌ መኪና ትልቁ ኪሳራ ነው።

አሮጌ መኪና ለምን ጥሪት ሆነ?

እንደሚታወቀው የመኪና ገበያችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልኩን ለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት አክሳሪ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቀ። የሁለቱ ውሳኔዎች ድምር ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን አሮጌ መኪና ሲሞት ምትኩን ከውጭ ማምጣት አስቸጋሪ ሆኗል። ቁጥሩ በየጊዜው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ከእነዚህም መካከል የቮልስ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የቮልስዋገን ኩባንያ ይህችን የጥንዚዛ ቅርጽ ያላት መኪና በጠቅላላው 21,529,464 ካመረተ በኋላ የመጨረሻዋን ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ፑየብላ ከሚገኘው ፋብሪካው አስወጥቶ ምርቷን አቆመ። በእኛ አገር ደግሞ ቮልስ ከመኪናነትም አልፋ የታሪክ ገጽ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር የማያውቅ የለም። ዛሬ ደግሞ አጥበውና አስውበው በሰልፍ የሚነዷት ወዳጆች አሏት፤ ከዘመናዊው መኪና ይልቅ እርሷን ለሰርጋቸው የሚመርጡ ሙሽሮችም አሉ።

በውጭው ዓለም ይህ ገበያ የራሱ ሕግና ወግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመውና ፊቫ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ አንድ ተሽከርካሪ ታሪካዊ ሊባል የሚችለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ በታሪካዊ መልኩ ተጠብቆ ሲቆይና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሳይሆን ሲቀር ነው ይላል። እዚህ ላይ “በታሪካዊ መልኩ ተጠብቆ” የምትለዋን ልብ ይሏል። ሰብሳቢዎች ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉት ከፋብሪካ እንደወጣ ለቆየ ቀለም ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሞተር ይታደሳል፣ ወንበር ይሰፋል፣ ጎማ ይቀየራል። የፋብሪካ ቀለም ግን አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይመጣም።

ጭረቷ ከየት ትመጣለች?

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት በኩል ኮፈን የምንለው ክዳን የሚሸፍነው የቤንዚን ታንኩን፣ ትርፍ ጎማውንና የዕቃ ቦታውን ነው። ማጠፊያው በፊት መስታወቱ በኩል ሲሆን፣ መቆለፊያው ደግሞ በአፍንጫው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል በፊት በተሠሩት ላይ የቤንዚን መቅጃው ራሱ በኮፈኑ ሥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ላይ ነው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ የወጣው። ስለዚህ የቀድሞዋ ቮልስ ቤንዚን በተቀዳላት ቁጥር ኮፈኗ መከፈትና መዘጋት አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ትቀዳለች ብንል እንኳ በዓመት 52 ጊዜ፣ በ50 ዓመት 2,600 ጊዜ ይሆናል። የሚዘጋውም በአብዛኛው ባለቤቱ ሳይሆን ከኋላ ሰልፍ የሚጠብቀው ነዳጅ ቀጂ ነው። እርሱም ቢሆን ቸኩሎ ዷ አድርጎ ቢዘጋው አይፈረድበትም፤ የእርሱ ሥራ መቅዳት እንጂ ቀለም መጠበቅ አይደለም።

አሠራሩን ላላስተዋለ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮፈኑ ሥር ሞላ ያለው አንድ ወንዴ ዘንግ ይወርዳል። ከታች በመኪናው አካል ላይ ደግሞ የሚቀበለው ሴቴ ቀዳዳና በገመድ የሚሳብ መያዣ አለ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከቀዳዳው መሐል ሲገባ ምንም አይነካም። ቀለም የሚጫረው ከሚከተሉት አንዱ ወይም ከአንድ በላይ የሆነው ሲበላሽ ነው።

አንደኛ፣ የማጠፊያው ብሎኖች ሲላሉ ኮፈኑ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ዘንጉም ከቀዳዳው ጎን አርፎ ቀለሙን ይፍቃል። ሁለተኛ፣ ዘንጉን የሚያጠብቀው ዳዶ ሲላላ የዘንጉ ርዝመት ይለወጣል፤ ከአጠረ ኮፈኑ አይይዝም፣ ከረዘመ ደግሞ ኮፈኑ ተንጠልጥሎ ይቀርና በጉዞ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጠርዙን ይበላል። ሦስተኛ፣ መቆለፊያው ግራሶ አጥቶ ሲደርቅ በእርጋታ መዝጋት ስለማይቻል ሁሉም ሰው በኃይል መምታት ይጀምራል። አራተኛ፣ በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ሲረግፍ ብረት በብረት ላይ ያርፋል። አምስተኛ፣ ኮፈኑን ደግፈው የሚይዙት ሞላዎች ሲደክሙ ክዳኑ ከእጅ አምልጦ ይወድቃል።

ቮልስ ብቻ አይደለችም። በአዲስ አበባ ታክሲነት ስንት ዘመን ያገለገለችው ላዳ ኮፈኗ የሚታጠፈው ከፊት በኩል በመሆኑ መቆለፊያዋ ወደ መስታወቱ ነው፤ ስለዚህ ጭረቱን የሚፈልግ ሰው በአፍንጫዋ ሳይሆን በመስታወቱ ግርጌና በፓራፋንጎዎቹ የኋላ ማዕዘኖች ላይ ይመልከት። የጥንቱ ላንድሮቨር ደግሞ ብዙ ጊዜ ትርፍ ጎማውን በኮፈኑ ላይ ተሸክሞ ስለሚሄድ ክብደቱ ብቻውን መቆለፊያውን ያንገላታዋል።

የደብረ ታቦር ፀሐይና ክረምት

ይህ ሁሉ በየትም አገር ያለ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ጭረቱ ወደ ዝገት የሚለወጥበት ፍጥነት የተለየ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይኸው ጨረር የድሮውን ቀለም እያደረቀ እንደ ጠመኔ ዱቄት ያደርገዋል፤ የደረቀ ቀለም ደግሞ በትንሽ ግጭት ይሸረፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። በበጋም ቢሆን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብረቱ በጤዛ ይርሳል። አቧራው በጠርዙ ላይ ሲቀመጥ በመቆለፊያውና በቀለሙ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

በዚህ ላይ የመቆም ጣጣ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር ብዙ መኪና ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ቆሟል። የቆመ መኪና ቀለሙ የማይነካ ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሳይከፈት የከረመ መቆለፊያ ይደርቃል፣ ገመዱ ይነክሳል፤ በመጨረሻ ሲፈለግ በዊንዳይቨር ተፈልቅቆ ይከፈታል። በብዙ ዓመት የማይደርሰው ጭረት በአንድ ቀን የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ እንደሚዝግ ልጅ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ዝገቱ ባለበት ቦታ የማይቆም መሆኑን ነው። በጭረቷ በኩል ገብቶ በቀለሙ ሥር ይሰርጋል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ሥሩ ግን ጣት ያህል ሰፍቷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ባለቤቱ “ትንሽ ናት” እያለ ሁለት ክረምት ካሳለፈ በኋላ ቀለሙ እንደ ልጥ ይነሣል።

ደብረ ታቦር ስለ ብረት ነጋሪ የምትሻ ከተማ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያስቀለጡት ከከተማዋ አጠገብ በሚገኘው ጋፋት ነው። ያንን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ መጥረግ ግድ ሆኖ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ባለ ጋራዥም በአካባቢው አይጠፋም። የጎደለው መኪናውን በወቅቱ የሚያመጣ ባለቤት ነው።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የሚሠራው ቀለሙ አይደለም። የጭረቱ ምክንያት ሳይወገድ የተቀባ ቀለም በወሩ ተመልሶ ይጫራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የማጠፊያው ብሎኖች ይጥበቁ፤ ኮፈኑ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ይሁን፤ ዘንጉ ከቀዳዳው መሐል መግባቱ ይታይ። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀብቶ ኮፈኑን በቀስታ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ግራሶው ያረፈበት ቦታ ዘንጉ የት እንደሚመታ ይናገራል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ግራሶ ከነአቧራው በቤንዚን ተጠርጎ አዲስ ይቀባ።

ሁለተኛው ጠርዙን መሸፈን ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስቲክ አለ። መነሻውም የአሜሪካ ጦር በቬትናም ጦርነት ዘመን የሄሊኮፕተሮቹን ተሽከርካሪ ክንፎች ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመከላከል የተጠቀመበት ነው። እርሱ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ኮፈኑ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቢደረግ ሥራውን ይሠራል። የኤሌክትሪክ ፕላስተር መለጠፍ ግን አይገባም፤ ሙጫው በፀሐይ ቀልጦ ይበከልና ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ላስቲኩም ቢሆን በሥሩ ውሃ እንዳይቋጥር በየጊዜው ተነሥቶ ሊጠረግ ይገባዋል።

ሦስተኛው፣ ብረቱ ከታየ፣ ያችን ቦታ ብቻ ማከም ነው። ዝገቱ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይነሣ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፣ ከደረቀም በኋላ በቀጭን ብሩሽ የመኪናው ቀለም ይደረብበት። የቀለሙ መልክ በትክክል ባይገጥም አያስጨንቅም። ኮፈኑ ሲዘጋ አይታይም፤ ለሚያውቅ ገዢም ባለቤቱ ጠንቃቃ እንደነበር የሚመሰክር ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንዱ ጭረቱን ለማስቀረት ብሎ ጨርቅ ወይም ላስቲክ በራሱ በመቆለፊያው ውስጥ ይወሽቃል። ይህ ቀለም ለማዳን ሰው መግደል ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ከ2,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የፎገራ ሜዳ ነው የሚያደርሰው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ በደንብ ያልያዘ የቮልስ ኮፈን ነፋስ ከሥሩ ከገባለት ተገልጦ ከፊት መስታወቱ ጋር ይላተማል፣ ሹፌሩንም ያሳውረዋል። መከላከያው በመቆለፊያው ዙሪያ እንጂ በውስጡ አይገባም። ሥራው ሲያልቅም ኮፈኑን ዘግቶ በሁለት እጅ ወደ ላይ ስቦ አለመላቀቁን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ሙሉ ቀለም ማስቀባት ያዋጣል?

አሁን ወደ ዋናው የክርክር ነጥብ እንምጣ። በገበያችን የተለመደው አስተሳሰብ “ከመሸጥህ በፊት አስቀባት” የሚል ነው። ገዢ ብልጭልጭ ይወዳል ይባላል። ይህ ለሥራ መኪና፣ ለጭነትና ለታክሲ እውነት ሊሆን ይችላል። ለብርቅ አሮጌ መኪና ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በስቱኮ የተደለደለና እንደገና የተቀባ አካል ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ጤነኛ ላሜራ ላይ ይለጠፋል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የጥንቱ ላንድሮቨር አካል በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ በመሆኑ ማግኔት ከመነሻውም አይይዘውም። ስለዚህ “ማግኔት አልያዘም፣ ስቱኮ ነው” ብሎ ዋጋ ለሚሰብር ደላላ መልሱ ይህ ነው። የላንድሮቨር ችግር አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው የሚፈለገው።

ገዢው አዲስ ቀለም ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው “ምን ሊደብቅበት ነው?” የሚል ነው። ግጭት ነበረ? ዝገት ተሸፍኗል? ሻጩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃው ከአሮጌው ቀለም ጋር ተፍቆ ሄዷል። በዚህ ምክንያት ሻጩ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንድ ጊዜ ለቀቢው ሲከፍል፣ ሌላ ጊዜ ገዢው ለጥርጣሬው ሲቀንስበት። የደበዘዘ ነገር ግን ያልተነካ ቀለም ያላት ቮልስ በበኩሏ ታሪኳን ራሷ ትናገራለች።

“በእኛ አገር ይህን የሚያውቅ ገዢ የት አለ?” የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። መልሱ በከፊል ትክክል ነው። ሁሉም ገዢ አያውቅም። ነገር ግን ለብርቅ መኪና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው፣ በተለይም ከውጭ አገር ተመልሶ የአባቱን ዓይነት መኪና የሚፈልገው፣ በትክክል የሚያውቀው ነው። ለማያውቀው ተብሎ የተቀባች መኪና ለሚያውቀው መሸጧ ቀረ ማለት ነው። በእርግጥ ዝገቱ ላሜራውን ከበሳው፣ ወይም መኪናዋ ከዚህ ቀደም ተደጋግማ የተቀባች ከሆነ፣ የሚጠበቅ የፋብሪካ ቀለም ስለሌለ ሙሉ ሥራ ማሠራት ተገቢ ነው። እኛ የምንቃወመው በአንዲት የኮፈን ጭረት ሰበብ ጤነኛ ቀለም መፋቁን ነው።

ለአከራይና ለደላላ

መኪና ለሰርግ የሚያከራይ ሰው በጥርና በሚያዝያ ገቢው ከፍ ይላል፤ ጭረቱም እንዲሁ። አበባ አሳማሪዎች የአበባውን ሽቦ በኮፈኑ ጠርዝ ሥር አስገብተው ኮፈኑን ይዘጉበታል። መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሽቦው ቀለሙን ይሞርዳል። ስለዚህ በኪራይ ውሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቢጨመሩ ወጪ የላቸውም፦ ኮፈኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው የአከራዩ ሹፌር ብቻ ነው፤ ጌጥ የሚታሰረው በጨርቅ ጥብጣብ እንጂ በሽቦ አይደለም። በማደያም ሹፌሩ ራሱ ወርዶ ይክፈት፣ ራሱ ይዝጋ።

ደላሎችን በተመለከተ የምንለው አለን። ኮሚሽኑ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ እስከሆነ ድረስ የሻጩ ኪሳራ የደላላውም ኪሳራ ነው። “አስቀብተህ አምጣት” እያሉ መምከር ትተው፣ መኪናው ለገበያ ሲቀርብ የኮፈኑን ጠርዝ፣ የመቆለፊያውን ዙሪያና የበሮቹን ግርጌ ፎቶግራፍ አንስተው ከመግለጫው ጋር ቢያያይዙ፣ ገዢው ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር ተነሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ሳይደክም የሚያየውን ያያል። ያልተነካ ቀለምም ራሱን የቻለ ዋጋ እየወጣለት ይሄዳል። ዋጋ የወጣለትን ነገር ደግሞ ባለቤቱ ይጠብቀዋል።

ክረምት ሳይገባ አንድ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉም በዚህ ጉዳይ ጥቂት ግራሶ፣ አንድ ቁራጭ ከመነዳሪና ዳዶ የሚያጠብቅ ቁልፍ ብቻ ነው።